ገለባው ወዴት ነፈሰ?

[ምስል፦ ብቸና አካባቢ፣ የጤፍ አውድማ፣ ረፋድ ላይ]

ተራኪ፦ ገበሬው ላይዳውን ያነሣል፤ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል፣ ገለባው በነፋሱ ወደ ግራ ይከንፋል። ካሜራው ዞሮ ከገበሬው ጀርባ ቢቆም ያው ገለባ ወደ ቀኝ ይነጉዳል። አውድማው ላይ የቆመ ሰው ግራ አይጋባም። ሁለቱን ሾቶች አከታትሎ የሚያይ ተመልካች ግን ወይ ነፋሱ ዞሯል፣ ወይ ሌላ አውድማ ላይ ነን ይላል። ኤዲተሩ ምስሉን እንደ መስተዋት ቢገለብጠው ደግሞ ቀኝ እጁ የቀናው ገበሬ ግራኝ ሆኖ ያርፈዋል። እንግዲህ የኤዲቲንጉ ግማሽ የሚያልቀው እዚሁ አውድማው ዳር፣ ዳይሬክተሩ የት ልቁም ብሎ ሲያስብ ነው።

[ምስል፦ ሰባራ ድልድይ፣ ከሞጣ ቁልቁል]

ተራኪ፦ ሕይወት በዕቅድ አትመራም፣ ዘጋቢ ፊልምም የሆነውን መቅረጽ ነው የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ገበሬውን «እስቲ ድገመው» ማለት ሥራውን ተውኔት ያደርገዋል። ዕቅዱ ግን የሚያዘው ካሜራውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቆረጠ በኋላ፣ መንገደኛ ለአሥርት ዓመታት በገመድ ታስሮ ክፍተቱን እየተሳበ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ያን መሻገር የቀረጸ ሰው «ተመለስና እንደገና ተሳብ» ሊል አይችልም። የሳቢዎቹ እጅ፣ የተንጠለጠለው ሰው ፊት፣ ድንጋዩን የረገጠው እግር እንደሚያስፈልጉት ግን አስቀድሞ ያውቃል። ሁሉንም ከአንድ ወገን መቅረጽ አለበት። የጎጃሙን ዳር ከድልድዩ በላይኛው የወንዙ ወገን፣ የጎንደሩን ከታችኛው ወገን ሆኖ ቢያነሣ ሰውየው ወደ መጣበት የሚጎተት ይመስላል።

«ሜሞሪ ካርዱ ርካሽ ነው፣ ሁሉን ቀርጸን ኋላ እንመርጣለን» የሚለው መከራከሪያ ይበልጥ ያሳስታል፤ የአሥር ሰዓት ቀረጻ ያልተነሣችውን አንዲት ሾት አይወልድማ። ከዓባይ ማዶ፣ ጎንደር የተወለደው የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 (እ.ኤ.አ.) የቀረጸው በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የ400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ፊልሙ በረጃጅም ሾቶች ይታወቃል፤ ታዲያ ስለ መቁረጥ አላሰበም ማለት ነው? እንዲያውም ሳይቆረጥ የሚዘልቅ ሾት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ካልታወቀ ጥቅሉን ይበላዋል። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ደግሞ የሚጠቀምበትን ብቻ እየቀረጸ ፕሮዲዩሰሩን ሴልዝኒክን መላ አሳጥቶት ነበር፤ እንዳሻው የሚቀጣጥለው ትርፍ ምስል አልነበረውምና። ለልብ ወለድ ያዋጣ ይሆናል። አውድማ ላይ ግን እንዲህ ያለው ንፍገት አደጋ ነው፣ ነፋሱ የዳይሬክተሩን ፕሮግራም አያውቅም።

[ምስል፦ ነፋሱ ቆሟል]

ተራኪ፦ ገበሬው ላይዳውን ተደግፎ የባሕር ዛፉን ቅጠል ያያል። ግራም ቀኝም የሚበር ገለባ የለም። ካሜራው ወዲያኛው ወገን መሻገር ካለበት፣ መሻገሪያው ይህቺ ሾት ናት። ቅጠሉ ተነቃነቀ።

[ካት፦ ላይዳው ሲነሣ፣ ከወዲያኛው ወገን]