ሀብታቸውን ለተማሪ ያወረሱት ታታዎች

የታታን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው በመኪና ላይ ተጽፎ ነው። የስሙ ባለቤት የሆነው የሕንድ ቤተሰብ ግን ከ130 ዓመት በላይ ሰው ሲያስተምር ኖሯል።

ነገሩን የጀመሩት ጃምሴትጂ ታታ ናቸው። በ1839 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጉጃራት ምድር፣ ፓርሲ ከሚባለው የሃይማኖት ማኅበረሰብ፣ ከካህናት ቤት ተወልደው በጥጥ ንግድና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በለጸጉ። በ1892 ሕንዳውያን ወጣቶች ባሕር ማዶ ሄደው የሚማሩበት ፈንድ አቋቋሙ። ገንዘቡ የሚሰጠው በብድር ነው። ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል፤ የመለሰው ደግሞ ለሌላ ተማሪ ይውላል። የቤተሰቡ ትልቁ ብልሃት ለእኔ ይህ ነው፤ ተበዳሪው እንደ ተመጽዋች አንገቱን አይደፋም፣ ፈንዱም በአንድ ትውልድ ተበልቶ አያልቅም። ኬ. አር. ናራያናን በኬረላ፣ «አይነኬ» እየተባለ ከሚገለለው ወገን፣ ከድሃ ቤት የተወለዱ ሰው ናቸው። በታታ ድጋፍ ለንደን ሄደው ተማሩ፤ በ1997 የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ጃምሴትጂ ተማሪ ወደ ውጭ በመላክ ብቻ አልረኩም። እዚያው ሕንድ ውስጥ ከፍተኛ የሳይንስ ተቋም እንዲቆም ፈልገው ቦምቤይ ከነበሯቸው ሕንፃዎችና ቦታዎች ብዙውን ለዚሁ መደቡ። ዕቅዱ በ1898 ማብቂያ ለአዲሱ የእንግሊዝ እንደራሴ ለሎርድ ከርዘን ሲቀርብ፣ ከርዘን ብቁ ተማሪ መገኘቱንም ተመራቂው ሥራ ማግኘቱንም ተጠራጠሩ። ጉዳዩ ሲጓተት ጃምሴትጂ በ1904 አረፉ። ልጆቻቸው ግን የአባታቸውን ቃል አላጠፉም። የማይሶር መንግሥት ባንጋሎር ላይ 371 ኤከር መሬት ሰጠ፤ የሕንድ ሳይንስ ተቋም በ1909 ተመሥርቶ በ1911 ተማሪ ተቀበለ። በይፋዊ መጠሪያው ውስጥ የቤተሰቡ ስም የለም፤ የከተማው ሰው ግን ዛሬም «የታታ ኢንስቲትዩት» ይለዋል።

ሁለቱ ልጆች፣ ዶራብጂና ራታን፣ ዘር አልተኩም። ራታን በ1918 ሲሞቱ በሀብታቸው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። የዶራብጂ ባለቤት ሜሄርባይ በ1931 በደም ካንሰር አረፉ፤ ዶራብጂም በዓመቱ ያላቸውን ሁሉ፣ የሚስታቸውን 245 ካራት አልማዝ ሳያስቀሩ፣ ለበጎ አድራጎት አስረከቡ። በእሳቸው ስም የቆመው ድርጅት በ1936 የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1945 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆሚ ባባ ለመሩት የምርምር ተቋም መቋቋሚያ ገንዘብ ሰጠ።

ወንድማማቾቹ ካወረሱት ውስጥ ዋናው አክሲዮን ነው። ዛሬ የታታ ኩባንያዎች እናት ድርጅት የሆነው የታታ ሰንስ 66 በመቶ ድርሻ የተያዘው በእነዚህ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው። ስለዚህ ብረቱም፣ መኪናውም፣ ሶፍትዌሩም ሲያተርፍ፣ ታታ ሰንስ ለባለአክሲዮኖቹ ከሚያከፋፍለው ትርፍ ከፍ ያለው ድርሻ የሚሄደው ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለመሰል ሥራ ነው፤ ለጋስ ወራሽ እስኪወለድ መጠበቅ የለም።

በአገራችንም ትምህርት ቤት አሠርተው ለትውልድ ቀያቸው የሚያስረክቡ ባለሀብቶች አሉ፤ እጃቸው ይባረክ። ከታታዎች አንድ ነገር እንዲወስዱ ግን እለምናቸዋለሁ፤ ከሕንፃው ጋር ለመምህሩ ደመወዝና ለተማሪው መጽሐፍ በየዓመቱ ገቢ የሚያመጣ አክሲዮን ወይም የሚከራይ ቤት ይመድቡ።