«የየት አገር ሰው ነኝ?»፦ የኪቤራ ኑቢዎች ታሪክ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

ስለ ሕፃናት መብት በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፦ «ቲቸር፣ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ኬንያ ነው። ታዲያ የየት አገር ሰው ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም፤ ጥያቄው ቀላል አይደለማ! ነገር ግን ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቁ የኖሩ ሰዎች ናይሮቢ ውስጥ አሉ። ዛሬ የማካፍላችሁ የእነሱን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኑቢዎች እነማን ናቸው?

ኪቤራን ብዙዎቻችን የምናውቃት በቆርቆሮ ቤቶቿ ነው። ስሟ የመጣው ግን «ኪብራ» ከሚለው የኑቢዎች ቃል ነው፤ ጫካ ማለት ነው። እንግሊዞች ምሥራቅ አፍሪካን ሲይዙ ከሱዳን የተመለመሉ ወታደሮችን አሰልፈው ነበር። በ1902 «ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ» የተባለው ጦር ሲቋቋም እነዚህ ወታደሮች እዚያ ገብተው አገለገሉ። ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ከናይሮቢ ዳር ባለው ጫካ ሰፈሩ። በ1918 መንግሥት ወደ 4,197 ኤከር የሚሆነውን መሬት የጦር ይዞታ ብሎ አወጀው። የባለቤትነት ወረቀት ግን አልሰጣቸውም።

ቋንቋቸው ኪኑቢ ይባላል፤ ከዓረብኛ የተገኘ ነው። የጁባ ዓረብኛ የምትናገሩ የደቡብ ሱዳን ተማሪዎቻችን ብትሰሙት ብዙ ቃላት አይጠፏችሁም።

ችግሩ ከየት መጣ?

ቅኝ ገዥው አፍሪካውያንን የከፋፈለው በጎሳና በጎሳ መሬት ነበር። ኑቢዎች በኬንያ ውስጥ «የእናንተ ነው» የተባለ የጎሳ መሬት ስላልነበራቸው እንደ እንግዳ ተቆጠሩ። በ1963 ነፃነት ሲመጣም የዜግነታቸው ነገር በግልጽ ሳይፈታ ቀረ።

ይህ በኑሮ ላይ ምን አመጣ? በኬንያ ማንኛውም ዜጋ 18 ዓመት ሲሞላው መታወቂያ (ኪታምቡሊሾ) ያወጣል። የኑቢ ልጅ ግን በተለየ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መመርመር ነበረበት። የአያትህን ወረቀት አምጣ ይባላል። አያትየው ወረቀት ከሌላቸውስ? ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ነው። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ መምረጥ የለም፣ ደህና ሥራ መቀጠር የለም፣ የባንክ ሂሳብ መክፈት የለም። ስለዚህ ተማሪው «ተምሬስ የት ልደርስ ነው?» ብሎ ተስፋ ቢቆርጥ ይፈረድበታል?

ሕፃናቱ ያሸነፉት ክስ

ኑቢዎች በ2003 ለኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ጉዳዩ ተጓተተ። በ2009 ጠበቆቻቸው በሕፃናቱ ስም ለአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት የባለሙያዎች ኮሚቴ ክስ አቀረቡ። ኮሚቴው መጋቢት 22 ቀን 2011 ለሕፃናቱ ፈረደ። ኮሚቴው እንዲህ ባለ አቤቱታ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የውሳኔው መሠረት የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተር አንቀጽ 6 ነው። አንቀጹ ከሚላቸው ነገሮች ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ሕፃን እንደተወለደ መመዝገብ አለበት።
2ኛ. ሕፃን ሁሉ ዜግነት የማግኘት መብት አለው።
3ኛ. ሌላ አገር ዜግነት ካልሰጠው የተወለደበት አገር ዜግነት እንዲያገኝ መንግሥት ማድረግ አለበት።

ኮሚቴው «18 ዓመት እስኪሞላቸው ይጠብቁ» የሚለው አሠራር ሕፃኑን ይጎዳል አለ። ኑቢ በመሆናቸው ብቻ ከሌሎች ልጆች መለየታቸውንም አድልዎ ነው አለው።

ከዚያ በኋላስ?

ውሳኔ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ መፈጸሙ ሌላ። በ2015 የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽንም ለኑቢዎች ፈረደ። በ2017 መንግሥት የኪቤራን 288 ኤከር በማኅበረሰቡ ስም አስመዝግቦ የባለቤትነት ወረቀት ሰጠ። ከ4,197 ኤከር የተረፈው ይኸው ነው። በዚህ መንገድ የታገሉ ሌሎችም አሉ። በ2016 ማኮንዴዎች መታወቂያ ፍለጋ ከክዋሌ ተነሥተው ናይሮቢ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዱ፤ ተሳካላቸው። በ2020 ሾናዎች፣ በ2023 ፔምባዎች ተከተሉ።

ተባበሩት መንግሥታት ከ2015 እስከ 2024 ያለውን ዘመን የአፍሪካ ተወላጆች ዐሥር ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሁለተኛው ከ2025 እስከ 2034 ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው አሜሪካንና ካሪቢያንን ነው። ግን አፍሪካዊ በአፍሪካ ምድርም «ባዕድ» ሊባል እንደሚችል ኪቤራ ታሳየናለች። በአገራችንም ከካሪቢያን መጥተው ሻሸመኔ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ለብዙ ዓመታት ያለ መታወቂያ ኖረዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2017 ነው።

ለእኛስ?

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። የእኛ ጉዳይና የኑቢዎች አንድ አይደለም። ኬንያ ውስጥ መወለድ ብቻውን ኬንያዊ አያደርግም፤ የልደት ሰርተፊኬትም የዜግነት ወረቀት አይደለም። ነገር ግን የት፣ መቼና ከማን እንደተወለድክ የሚመሰክርልህ እሱ ነው። ነገ ወደ አገር ቤት ብንመለስ ወይም ሌላ አገር ብንሄድ ልጁ ዜግነቱን የሚጠይቀው በዚህ ማስረጃ ነው። የኑቢ ልጆችም የአያቶቻቸውን ወረቀት አምጡ ሲባሉ ተቸግረዋል እኮ!

ስለዚህ መምህራን፣ ልጅ የወለዱ ወላጆችን እናስታውስ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የልደት ማስታወቂያ ወረቀት መጣል የለበትም፤ በስድስት ወር ውስጥ ወስዶ ማስመዝገብ ነው። ጊዜው ቢያልፍም ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል፤ ምልልሱ ግን ይበዛል። ተማሪዎችም ስማችሁ በትምህርት ቤት መዝገብና በራሽን ካርድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ለዚያ ተማሪ በማግስቱ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ «የየት አገር ሰው እንደሆንክ እኔ አልወስንልህም። ወረቀትህን ግን አትጣል፤ መልሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።»