ከባሕር ማዶ የመጣ ጎረቤት

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን፣ ጀሞ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ጀሞ ዛሬ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ናት። ሕንጻዎቹ ከመቆማቸው በፊት ግን መሬቱ ማሳና የግጦሽ መስክ እንደነበረ ነባር ነዋሪዎች አይዘነጉትም። ቤቶቹ በዕጣ ሲተላለፉ፣ ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች ሆኑ። በሕንጻዎቹ መካከል ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ የተሠራው የጋራ ቤት፣ ዕድሩና የቡናው ስኒ ባያገናኟቸው ኖሮ አንዱ ሌላውን የሚያውቀው በበሩ ቁጥር ብቻ በሆነ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣውም ይኸው እንግድነት ነው። ሆኖም እንግዳው ከሌላ ሰፈር ሳይሆን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ማረፊያውም የገጠር ቀበሌ የሆነ በጎ ፈቃደኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመደብ ለገበሬ ማኅበሩ ወይም ለቀበሌው መሪ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ስለ ሥራው ይናገራል፤ ሰውየው ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ ግን አይናገርም። የሥራው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ደግሞ በዚህ በተዘለለው ጉዳይ ነው።

ከጀሞ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ሰበታን፣ ተፍኪንና ቱሉ ቦሎን አልፎ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ከምትገኘው ወሊሶ ይደርሳል። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መባቻ፣ ከተማዋ ጊዮን ትባል በነበረበት ጊዜ፣ ፖል ሶንጋስ የሚባል የ21 ዓመት አሜሪካዊ ከኮሌጅ እንደወጣ እዚያ በመምህርነት ተመደበ። ሁለት ዓመት ኖረ። ኋላ በአገሩ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆኖ ከ1971 እስከ 1977 ዓ.ም. ያገለገለውና በ1984 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት የተወዳደረው እርሱ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስም የወሊሶ ዘመኑን የሕይወቱ መሠረት አድርጎ ያነሣው ነበር።

ሶንጋስ ብቻውን አልመጣም። በ1953 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተቋቋመው ፒስ ኮር፣ በእኛ አጠራር የሰላም ጓድ፣ በዚያው ጊዜ ከ270 በላይ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበር፤ እርሱም ኋላ የፔንሲልቬንያ ሴናተር ሆኗል። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለነበረ ክፍል ውስጥ አልተቸገሩም። ችግሩ የሚጀምረው ደወሉ ተደውሎ ወደ ቤት ሲገባ ነው።

እስቲ አንዱን ቀን እናስበው። ጠዋት ከበሩ ሲወጣ ሕፃናት «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል። ሰዓቱ ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለሚለይ በሁለት ሰዓት የተቀጠረ ሰው በስንት እንደሚመጣ ማስላት አለበት። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ለመግዛት ከመከራከሩ በፊት የሻጯን ጤና፣ የልጆቿን ደኅንነት፣ የከብቱንና የዝናቡን ሁኔታ መጠየቅ እንደሚገባው ገና አልተማረም። በጾም ቀን ሥጋ ሊገዛ ይወጣል። ምሳውን በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲበላ እርሱ እንደ ወግ ይቆጥረዋል፤ ጎረቤት ግን ወይ ታሟል ወይ ኮርቷል ይላል። ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠብቅ ከቡናው ላይ ብድግ ቢል ቤቱን እንደናቀ ሊታይ ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው ምሽቱ ነው፤ መብራት በሌለበት፣ ቋንቋው ባልተፈታበት፣ ደብዳቤ ሳምንታት በሚፈጅበት ዘመን ምሽቱ ረጅም ነበር።

ይህን የሚያቃልልለት መሥሪያ ቤት አይደለም። እሳት ጭራ የምታበድረው ጎረቤት ናት፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስሙን ጠርቶ የሚያስቆመው ባለ ሱቅ ነው። በዚያን ጊዜ ከሩቅ ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ይማሩ የነበሩ ልጆችም ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመምህሩ ቤት ውኃ እየቀዱ፣ ገበያ እየወጡ የትምህርት ወጪያቸውን ችለዋል። በምላሹም ቋንቋ አስተምረውታል። ማን ማንን ረዳ ቢባል ሒሳቡ በቀላሉ የሚወጣ አይመስለንም።

ወዳጅነቱ ግን ፖለቲካውን አላስቀረውም። በ1960ዎቹ መባቻ የተማሪው እንቅስቃሴ ሲጠነክር ከመፈክሮቹ አንዱ የሰላም ጓድ ይውጣ የሚል ነበር፤ ትላንት የመምህሩን ቡና የጠጣ ተማሪ ይህን ሲል ተሰምቷል። በ1969 ዓ.ም. መርሐ ግብሩ ከኢትዮጵያ ወጣ።

ፈንጣጣን ፍለጋ

ለገበሬው ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ከመማሪያ ክፍል ውጭ የተሠራው ሥራ ነው። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር የአሜሪካ፣ ቆይቶም የጃፓን በጎ ፈቃደኞች ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር ተመደቡ። መኪና የሚያስገባ መንገድ ባልነበረበት አገር በእግርና በበቅሎ ሄዱ። በሽታ የያዘው ሕፃን ሥዕል ያለበትን ካርድ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እያሳዩ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋል?» ይሉ ነበር። በሽተኛ ከተገኘ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ባለ ሁለት ጥርስ በሆነችው መርፌ ይከተባል።

መርፌዋን መያዝ በጥቂት ጊዜ የሚለመድ ነው። ሰውን ክንዱን ግለጥ ማሰኘት ግን የዚያ አገር ሰው ቃል ይጠይቃል። ከመንገድ መሪው፣ ከቋንቋ አዋቂው ባልደረባና ከአገር ሽማግሌው ጋር ያልተስማማ እንግዳ ካርዱን ይዞ ሲዞር ሊውል ይችላል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ዲሞ በምትባል የኦጋዴን መንደር ነው።

ሁለት ዓመት

የሰላም ጓድ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመልሶ በ1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ምክንያት ወጣ። በ2000 ዓ.ም. እንደገና ሲገባ ከትምህርት ሌላ በጤና፣ በአካባቢ ጥበቃና በእርሻ ሥራም ተሰማራ። አዲስ የሚመጡትም ለሦስት ወር ያህል ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ ቋንቋና ወግ እንዲማሩ ተደርጓል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ፒስ ኮር በዓለም ዙሪያ ያሉትን በጎ ፈቃደኞች በሙሉ ሲጠራ በኢትዮጵያ የነበሩትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጓዛቸውን ሸክፈው ሄዱ።

እዚህ ላይ መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። የአገልግሎቱ ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ እርሱም ሳይሞላ ሊቋረጥ ይችላል። የመጀመሪያው መንፈቅ በቋንቋና በመለማመድ ያልፋል። የችግኝ ጣቢያ ጀምሮ፣ ንብ አጋብቶ፣ የጓሮ አትክልት አስተክሎ የሚሄድ እንግዳ ቁልፉን ለማን ይሰጣል? ለጽሕፈት ቤቱ ከሆነ ችግኙ በቀጣዩ በጋ ውኃ የሚያጠጣው አያገኝም። ይህ ጸሐፊ ከኮሌጅ ወጥቶ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ሲመደብ እርሱም ለቀበሌው እንግዳ ነበር። የመስመር አዘራር ሰልጥኖ ቢሄድም፣ የትኛው ማሳ በክረምት ውኃ እንደሚተኛበት ያሳየው በቤቱ ያሳደረው ገበሬ ነው። የውጭው እንግዳ ከዚህ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያስፈልገውም።

ስለዚህ እንግዳው ገና ሳይመጣ መታሰብ ያለባቸው አንዳንድ ነገሮች አሉ። ቤቱ ከጽሕፈት ቤቱ ጎን ሳይሆን ልጆች ካሉበት ግቢ ቢሆን ይመረጣል፤ በሩ የሚቆለፍ፣ መጸዳጃውም የተለየ ይሁን። እንግዳዋ ሴት ከሆነች በመንገድ ላይ እየተከተሉ የሚተናኮሉ ጎረምሶች ሥራዋን ሊያስትዋት ይችላሉ፤ ይህን የማኅበሩ መሪ በአንድ ስብሰባ በሚናገረው ቃል ሊያስቆመው ይችላል፤ ዝም ካለ ግን እንደፈቀደ ይቆጠራል። ለቅሶና ሠርግ ሲኖር ይጠራ። እንዲለግስ ሳይሆን እንዲቀመጥ ነው የሚጠራው፤ ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ ከጎረቤትነት ወጥቶ የዕርዳታ ሳጥን ይሆናል።

ባልደረባው ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይመደብለት። ባልደረባው ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የራሱ ማሳ ያለው፣ ከቀበሌው የማይለቅ ገበሬ ወይም የቤት እመቤት ቢሆን ይሻላል። የሥራው ማስታወሻ በሁለት ደብተር ይያዝ፤ አንዱ እንግዳው በሚጽፍበት ቋንቋ፣ ሌላው ቀበሌው በሚያነበው ቋንቋ። ሁለተኛው ደብተር በባልደረባው ቤት ይቀመጥ።