በዓሉ ግርማ ሳያስረው የታሰረ ሦስትዮሽ

አንድ የደሴ ደራሲ የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በሦስት ተከታታይ ልቦለዶች ቢጽፍ፣ ስማቸውንም «ሸዋ በር»፣ «ቧንቧ ውሃ»፣ «ሰኞ ገበያ» ቢላቸው፣ ግብጻዊው ናጊብ ማህፉዝ በ1956 እና በ1957 እ.ኤ.አ. ለካይሮ ያደረገውን አደረገ ማለት ነው። የማህፉዝ ሦስቱም ርዕሶች የአሮጌው ካይሮ የመንገድና የሰፈር ስሞች ናቸው። እንዲህ ያለው ሥራ ትሪሎጂ ይባላል። ሦስቱ መጻሕፍት ለምን አንድ ላይ እንደሚነበቡ ለማስረዳት ሐያሲው አይደክምም፤ ደራሲው ራሱ አስሮ ሰጥቶታል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልታሰረም። የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ሦስት ልቦለዶችም ትሪሎጂ ይባላሉ። የመጀመሪያው ባለታሪክ ኦኮንኮ የሁለተኛው ባለታሪክ የኦቢ አያት ነው፤ ሦስተኛው መጽሐፍ ግን ስለ ሌላ ሰውና ስለ ሌላ መንደር ያወራል። ሦስቱን ያገናኛቸው ነጭ ሲመጣ የኢግቦ ሰው ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ የዘር ሐረግ ባይኖርም የሚቀጥል ጥያቄ ካለ ሐያሲ መጻሕፍቱን አያይዞ ሊያነብ ይችላል ማለት ነው።

በዓሉ ግርማ ሥራዎቹን ትሪሎጂ ብሎ አላሳተመም። ሆኖም «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.)፣ «ደራሲው» (1972) እና «ኦሮማይ» (1975) በተከታታይ ሲነበቡ አንድ ጥያቄ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይከተለናል፦ የጥበብ ሰው ከሚቀጥረው ሥርዓት ጋር እንዴት ይኖራል?

የመጀመሪያው መጽሐፍ ባለታሪክ አበራ ወርቁ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ያለ ወጣት ነው። የሚይዘው ወታደር ወይም ካድሬ አይደለም። የሚይዘው ደመወዝ፣ እንደ ጋሼ አባተ ያለ ታላቅ ወንድም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሱ ማመንታት ነው። በ1960ዎቹ መባቻ የተማረው ወጣት ችግር ይህ ነበር፤ ለዛሬ አንባቢም ብዙም ሩቅ አይመስለኝም።

በ«ደራሲው» ሲራክ ይህን ጣጣ አልፎታል። ጽፎ ስም አውጥቷል። አሁን ጭንቁ እውነትን እንዴት ልጻፍ፣ ስጽፍስ ከሚስትና ከጓደኛ ጋር እንዴት ልኑር የሚል ነው። አብዛኛው አንባቢ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ እውነተኛውን ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ሲፈልግ ይውላል። ሲራክ ከእሱ መቀዳቱ የታወቀ ስለሆነ ጨዋታው ይጥማል፤ ግን ሰው ፍለጋው ካየለ ልቦለዱ ይረሳል።

«ኦሮማይ» ላይ ጥያቄው ይከብዳል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ አማፅያን ላይ በተጀመረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ሊመራ ወደ አስመራ ይሄዳል። ወደዚያው የሚወስደው የየብስ መንገድ በደሴ ያልፋል፤ እናም ታሪኩ ለወሎ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ፀጋዬ አዲስ አበባ ላይ እጮኛውን ሮማንን ትቶ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ሐያሲ ይህን የፍቅር ነገር እንደ ማጣፈጫ ብቻ ካየው ይሳሳታል፤ ልቡ ለሁለት የተከፈለው ሰው ብዕሩም ለሁለት ተከፍሏል። ከላይ የሚታዘዘውን ይጽፋል፤ ዓይኑ ግን ውጊያው ያለበትን የናቅፋን ተራራ ያያል። አበራ የፈለገውን ሥራ መጀመር አቃተው፤ ፀጋዬ ግን ሥራውን ይዞታል፣ ጌታውም ይዞታል።

የደራሲው ሕይወት እዚህ ላይ መግባቱ አይቀርም። በዓሉ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ በዘመቻው ተሳትፏል። «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ደብዛው ጠፋ። ይህ ሐዘን ንባባችንን ይጫነዋል። ሦስቱንም ወደ መጥፋቱ የሚያመሩ ደረጃዎች አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው፤ አበራን በፈጠረበት ዓመት ግን በዓሉ ስለ ቀይ ኮከብ ሊያውቅ አይችልም። በእኔ አስተያየት ጥሩ ሂስ መጽሐፉን በወጣበት ዓመት ላይ አቁሞ ያየዋል፤ የኋላውን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኔ አያያዝ የሚፈተነው በተውኩት ነው። በዓሉ ሌሎች ልቦለዶችም አሉት። በ1966 ያወጣውን «የሕሊና ደወል»ን አስፍቶ «ሐዲስ» በሚል ስም እንደገና ጽፎታል። ባለታሪኩ ሐዲስ ሳህሌ አስተማሪ ነው፤ በገጠር ትምህርት ቤት ለማሠራት ሕዝብ ያስተባብራል። የሰው ጉልበት አንድ ነገር እንደሚያቆም ያምናል። «ሐዲስ» የታተመው «ኦሮማይ» በወጣበት በ1975 ነው። ያን ያህል የሚያምን መጽሐፍና ያን ያህል የመረረ መጽሐፍ በአንድ ዓመት ከአንድ ብዕር እንዴት ወጡ? የእኔ ሦስትዮሽ ይህን አይመልስም። አራተኛ መጽሐፍ ሊጨመርበት ይገባል የሚል ሐያሲ ቢመጣ የምከራከርበት ብዙ የለኝም።