ተሳቢው ሲገፋ፦ ለቀላል ተሳቢ የኤሌክትሪክ ፍሬን

አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ ተራራው ላይ ናት። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ፣ ገዳሙ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ላሊበላ ባለችበት በላስታ የውሃ ሮቶ ወይም ሲሚንቶ በፒክአፕ በሚጎተት ተሳቢ የሚያመላልስ ሰው እንዲህ ያለ ቁልቁለት በየአቅጣጫው ይገጥመዋል። ጭነቱን ጨምሮ 750 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 12 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ ሞተሩ ከሚይዘው የተረፈው ሙቀት በሙሉ የፒክአፑ ፍሬን ላይ ያርፋል። ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረገጥም አይይዝም።

ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ተሳቢያቸውን በንፋስ ፍሬን ይይዛሉ፤ ፒክአፕ ግን ያንን የሚነዳ ኮምፕሬሰር የለውም። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው የግፊት ፍሬን ነው፦ መኪናው ሲያቀዘቅዝ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ግፊቱም ፍሬኑን ይስባል። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ችግሩ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው፤ ተሳቢው መግፋቱን ስለማያቆም ሸራውም ሳያርፍ ይፋተጋል። ለላስታ መንገድ የኤሌክትሪኩን የምመርጠው መያዙንም መልቀቁንም ሾፌሩ ስለሚወስን ነው።

በየጎማው ታምቡር ውስጥ አንድ ማግኔት ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይሳሳባል፣ አብሮት ሲጎተትም ክንዱን ገፍቶ ሸራውን ይከፍታል። የኤሌክትሪኩን መጠን የሚወስነው ጋቢና ውስጥ የሚገጠመው መቆጣጠሪያ ነው። የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ ራሱ ይሠራል፤ በእጅ ሲነካ ደግሞ ተሳቢውን ብቻ ይይዛል። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ይህቺ የእጅ መቆጣጠሪያ ነፍስ ታድናለች።

ከመግዛት በፊት አክስሉ ይታይ። የፍሬኑ ሳህን በብሎን የሚታሰርበት ክብ ብረት ከሌለው፣ ብረቱን ከመበየድ ባለው አክስል መቀየር ይሻላል እላለሁ፤ የተጣመመ ብየዳ ታምቡሩን ያበላሻል። የቀኝና የግራ ፍሬን አይለዋወጡም። አብዛኛው ማግኔት የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ በቀጥታ ከተገናኘ ይቃጠላል።

ብዙው ብልሽት የሚመጣው ከሽቦ ነው። ሁለት ማግኔት 6 አምፔር ያህል ይስባል፤ ቀጭን ሽቦ ቮልቱን መንገድ ላይ ስለሚጥለው ፍሬኑ ይደክማል። ኔጋቲቩ በጋንቾ በኩል ይመለሳል ብሎ መተው አያዋጣም፤ አቧራና ዝገት ያቋርጡታል። የራሱ ሽቦ ይዘርጋለት።

ተሳቢው ቢፈታ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዝ ትንሽ ባትሪና ማብሪያ አለ። አውስትራሊያ ይህን የምታስገድደው ከ2 ቶን በላይ ለሆነ ተሳቢ ነው፤ ገደል አፋፍ ለሚሄድ ሰው ግን በቀላሉም ላይ ሊቀር አይገባም። የማብሪያው ገመድ የሚታሰረው ከመኪናው ሻሲ ጋር ነው፤ ከጋንቾው ጋር ከታሰረ ጋንቾው ሲነቀል አብሮ ይሄዳል። ለማቆሚያ ግን በዚህ ባትሪ መተማመን አይቻልም፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ።

መቆጣጠሪያው የሚስተካከለው ተሳቢው እንደተጫነ፣ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ እየተነዳ ነው። ጎማው እስኪቆለፍ ኃይሉን ጨምሮ፣ ከዚያ ትንሽ መቀነስ። ቁልቁለቱ ሲጀምር በዝቅተኛ ማርሽ ይወረድ፤ የኤሌክትሪክ ፍሬንም ይግላል። ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ቆሞ እጅን ወደ ሁለቱ ታምቡሮች ሳይነኩ ማስጠጋት ጥሩ ፍተሻ ነው፦ አንዱ ግሎ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቀዝቃዛው አልያዘም ማለት ስለሆነ ሽቦው ይፈተሽ።