ሲአርፒ፦ አንጀት ሲቆጣ ጉበት የሚያመርተው ምልክት

የክሮንስ በሽታ ወይም አልሰራቲቭ ኮላይተስ የተባለ የአንጀት ቁጣ ያለበት ሰው ለክትትል ሲሄድ ደም ይሰጣል። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ከሚፈልጋቸው ቁጥሮች አንዱ ሲአርፒ የተባለው ፕሮቲን መጠን ነው። ፕሮቲኑ የተገኘው ግን አንጀት ሲጠና አይደለም። በ1930 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች የያዛቸውን ሰዎች ደም ሲመረምሩ፣ ከባክቴሪያው ከወጣ «ሲ» ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ የሚዘቅጥ ነገር አዩ። ሕመሙ ሲጠና ይታያል፤ ታማሚው ሲያገግም ይጠፋል።

ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው። የተቆጣ አንጀት ኢንተርሉኪን-6 የተባለ መልእክተኛ ወደ ደም ይለቅቃል፤ ጉበትም በሰዓታት ውስጥ ማምረት ይጀምራል። በሊትር ከ5 ሚሊግራም በታች የነበረው ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ቁጣው ሲበርድ በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ ቶሎ ይለያል። ቀይ የደም ሴሎች በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ የሚለካው የቀድሞው ኢኤስአር እንዲህ ፈጣን አይደለም። በዚያ ላይ የደም ማነስ ከፍ ያደርገዋል፤ አንጀቱ ለሚደማ ሰው ደግሞ የደም ማነስ እንግዳ አይደለም።

ሲአርፒም ያሳስታል። ክሮንስ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ስለሚያቆጣ ቁጥሩን ያንረዋል። ኮላይተስ ግን የውስጠኛውን ሽፋን ብቻ ስለሚይዝ፣ ሰውየው ደም እያስቀመጠው ሲአርፒው ደህና ሊመስል ይችላል። በተፈጥሯቸው ጥቂት ብቻ የሚያመርቱ ሰዎችም አሉ፤ ጉንፋን ብቻውንም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ነጠላ ውጤት ይዞ መደንገጥም መደሰትም የዋህነት ነው፤ የሚያዋጣው ከዚያው ሰው ያለፉ ውጤቶች ጋር ማስተያየት ነው። ብዙ ሐኪሞች ካልፕሮቴክቲን የተባለውን የሰገራ ምርመራ ይጨምሩበታል፤ እሱ ነጭ የደም ሴሎች በቀጥታ አንጀት ውስጥ የሚተዉትን ፕሮቲን ይለካል።

ሁለቱን መከታተል ጥቅሙ በካልም ጥናት ታይቷል። 244 የክሮንስ ታማሚዎች ተካፍለው ነበር። መድኃኒታቸው በእነዚህ ምርመራዎች ጭምር ከተስተካከለላቸው መካከል 46 በመቶው በ48ኛው ሳምንት አንጀታቸው ድኖ ተገኘ፤ በሕመም ስሜት ላይ ተመሥርቶ ከታከሙት 30 በመቶው።

የአንጀት ቲቢ ባለበት እንደ እኛ ባለ አገር ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። ቲቢም ሲአርፒን ከፍ ያደርጋል፣ ክሮንስንም ይመስላል። ቲቢ ሆኖ ሳለ ክሮንስ ተብሎ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ቢሰጥ በሽታው ይስፋፋል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት በኮሎኖስኮፒ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት።