ከፍል ውኃ ዳር የሚግጡ ዝንቦች

በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፍል ውኃው፣ የእንፋሎቱ ቀዳዳና የሚንተከተከው ጭቃ ቢቆጠር ከ10 ሺህ ይበልጣል። ፓርኩ ደጋ ላይ ስለሆነ ውኃው 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። እስካሁን ከ20 በላይ ሰዎች በዚህ ውኃ ተቃጥለው ሞተዋል። ከዳር ዳሩ ግን ዝንብ ይራባል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀለሙ ነው። ግራንድ ፕሪዝማቲክ የሚባለው የፓርኩ ትልቁ ፍል ውኃ መሐሉ ሰማያዊ ሲሆን ወደ ዳር ሲወጣ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ በመጨረሻም ቡናማ ይሆናል። ሰማያዊው የጠለቀ ንጹሕ ውኃ መልክ ነው። የተቀረው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ተደራርበው የዘረጉት የሚያሟልጭ ምንጣፍ። ከ73 ዲግሪ ገደማ በላይ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ፍጥረት አይገኝም። ውኃው ከዚያ በረድ ሲል ሳይኖባክቴሪያዎች ቦታ ይይዛሉ፤ ይበልጥ ሲበርድ ሌሎች ይተኳቸዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ቴርሞሜትር ሳይነክር ሙቀቱን ከቀለሙ መገመት ይችላል። ፀሐይ በሚበረታበት ወራት ተሕዋስያኑ ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገውን ዓይነት ቀለም አብዝተው ራሳቸውን ከብርሃኑ ይከላከላሉ፤ በበረዶው ወራት ደግሞ አረንጓዴው ያይላል።

የውኃው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ተራው የዝንቡ ነው። ኤፊድራ የሚባል ወገን ነው፤ ሲያዩት ከተራ ዝንብ ብዙም አይለይም። እንደ ከብት መንጋ በምንጣፉ ላይ ተሰማርቶ ይግጣል። ከላይ ያለው አልበቃ ካለው ወደ ውኃው ይገባል። ሰውነቱን የሸፈነው ደቃቅ ጠጉር አየር ስለሚይዝ በአረፋ ተጠቅልሎ ይወርዳል፤ በልቶ ሲወጣም አይረጥብም። ብርቱካንማ ሮዝ እንቁላሉን ከውኃው ብቅ ባለ የምንጣፍ ጉብታ ወይም ድንጋይ ላይ ይከምራል፤ እጮቹም እንደተፈለፈሉ ምንጣፉን እየቦረቦሩ ይበላሉ። ዙሪያው በረዶ ለብሶ ሳለ እንኳ ዝንቡ ሥራ ላይ ነው። ከሙቁ ምንጣፍ ጥቂት ከራቀ ግን ብርዱ ይገድለዋል።

ዝንቡ ባለበት በላተኛው አይጠፋም። ሸረሪቶች ምንጣፉ ላይ እየተሯሯጡ ያድኑታል፤ የውኃ ዳር ወፎች ይለቅሙታል፤ ሌላ የዝንብ ዓይነት ደግሞ እንቁላሉንና እጩን ይበላል። ከሁሉ የሚገርመው የመዥገር ዘመድ የሆነ አንድ ቀይ ደቃቅ ፍጥረት ነው፦ በሕፃንነቱ ዝንቡ ላይ ተለጥፎ ሲመጠው ይቆይና ሲያድግ እንቁላሉን ይበላበታል።

ዓለም የሎውስቶንን ፍል ውኃ ያወቀው ግን በዝንቡ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ቶማስ ብሮክ የተባለ ተመራማሪ ከተማሪው ከሃድሰን ፍሪዝ ጋር መሽሩም ስፕሪንግ ከሚባለው ምንጭ ቴርመስ አኳቲከስን አገኘ፤ በ70 ዲግሪ የሚመቸው ባክቴሪያ ነው። ኬሪ ሙሊስ በ1983 ዲኤንኤ የሚባዛበትን የፒሲአር ዘዴ ሲያስብ አንድ ችግር ነበር፦ ናሙናው በሞቀ ቁጥር ዲኤንኤውን የሚያባዛው ኤንዛይም ስለሚበላሽ በየዙሩ አዲስ መጨመር ነበረበት። የቴርመስ ኤንዛይም ሙቀቱን ስለሚችል ችግሩ ተቃለለ፤ ሙሊስም በ1993 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በኮቪድ ጊዜ ለመሳፈር የፒሲአር ውጤት የተጠየቀ መንገደኛ ሁሉ የዚህ ባክቴሪያ ባለዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ከሻላ ሐይቅ በስተደቡብ ያለችው ትንሿ ጭቱ ሐይቅ በሳይኖባክቴሪያ አረንጓዴ ናት፤ ፍላሚንጎዎችም ይህንኑ በምንቃራቸው እያጠለሉ ይመገባሉ፤ ሮዝ መልካቸውም ከዚያው ምግብ የሚመጣ ነው። ዳሎል ደግሞ የነገሩን ወሰን ያሳያል። በ2019 አንድ ቡድን እዚያ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ ሲል፣ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት አላገኘሁም ብሏል። ሁለተኛው ቡድን ትክክል ከሆነ ሕይወትን የሚከለክለው ሙቀት ብቻ ሳይሆን የአሲድና የጨው መደራረብም ነው።

ሻላ ዳር ወዳሉት ፍል ውኃዎች የሚሄድ ጎብኚ በድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴና ብርቱካንማ ሽፋን ጎንበስ ብሎ ይየው፤ ግን አይርገጠው፣ በእንጨትም አይፋቀው።